የእናቴ ጉልበትና የላፕቶፔ ቻርጀር

የላፕቶፔን ቻርጀር ያቃጠለችው እናቴ ናት። ይህን የምለው ልከሳት ፈልጌ አይደለም። እሷ ራሷ ለሰማውም ላልሰማውም ስለተናገረችው እኔ ብደብቀው ምንም አይፈይድም። በምንኖርባት በሞላሌ ከተማ ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች ጀምሮ እስከ ትምህርት ቤታችን ጥበቃ ድረስ “የልጄን ዕቃ አቃጥዬ፣ ትምህርቱን አበላሽቼ” እያለች ያልነገረችው ሰው የለም።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ከጓሳ ተራራ ግርጌ ካለው ቀያችን መጥታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የተከራየናት ቤት አንዲት ክፍል ናት። እናቴን ቀኝ ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል። የአገራችንን ብርድ ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ወጥታ እንኳ ጥላ ውስጥ የገባ ሰው ይንቀጠቀጣል። ከሰል አቀጣጥዬ ባቀርብላት ፊቷ ይሞቃል፣ ጭሱ ያስላታል፣ ጉልበቷ ግን እንደበረደው ይቀራል። በላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ብሰጣት “ይኼ ቶሎ የሚከዳ ነገር ነው” ብላ ትመልስልኛለች። ቅባት፣ ኪኒን፣ ጠበል፣ ሁሉም ተሞክሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፔን ሰክቼ ስጽፍ፣ የቻርጀሩን ጥቁር ሳጥን ከመንገዷ ላይ ልታነሣ ጎንበስ አለች። እንደያዘችው ቀረች።

“አንተ፣ ይኼ ነገርማ ይሞቃል!” አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስጽፍ እሷ አጠገቤ ትቀመጣለች። ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ ታደርግና በላዩ ባናዋን ትጠቀልልበታለች። የመንዝ ባና ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የተሠራ ነው፤ አንዴ የያዘውን ሙቀት አይለቅም። “አጥንቴ ድረስ ገባ” ትላለች ዓይኗን ጨፍና። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ ገጽ በገጽ ሲያድግ የእናቴም ጉልበት በዚያው ልክ እየተፍታታ ሄደ። እንዲያውም መጻፍ ሲሰለቸኝ “ትንሽ ጨምር እንጂ፣ ገና አልሞቀኝም” እያለች የምታበረታታኝ እሷ ነበረች። አማካሪዬ እንኳ እንደዚያ አልገፋኝም።

በሳጥኑ ጀርባ ላይ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የወረቀቱ ጠርዝ ተነሥቶ ቆዳዋን ሲቧጭራት በጥፍሯ ልጣ ጣለችው። ስትጥለው አይቻለሁ፣ እኔም ምንም አላልኩም። ከገዛሁት ጀምሮ ያ ወረቀት ምን እንደሚል አንብቤ አላውቅም፤ የሚያነበው ሰው መኖሩንም አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሳጥኑ እንደ ወትሮው ሞቀ፣ ቆየት ብሎ ከወትሮው በላይ ሞቀ፣ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። እናቴ “ባናዬ ተቃጠለ!” ብላ ብድግ አለች። ባናው ምንም አልሆነም። የላፕቶፑ ባትሪ ብቻውን መሥራት ካቆመ ቆይቶ ስለነበር ጽሑፌ ከፊቴ ጥፍት አለ።

እዚህ ላይ ስለ ጥናቱ መናገር አለብኝ። በክረምት መርሐ ግብር ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። የጻፍኩት የእኛ አገር ሰዎች የጓሳን ሣር እንዴት ሲጠብቁና ሲካፈሉ እንደኖሩ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ካላስረከብኩ የዓመቱ ድካም ይቀራል፣ እንደገና መመዝገብ አለ። ጽሑፉ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ፍላሽ ላይ የገለበጥኩት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ዳታ ከጠፋ ወራት ስላለፉ በኢሜይል የላክሁት የለም። ደብረ ብርሃን ወርጄ እንዳላሠራው መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ይዘጋል።

ግን ያንን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የእናቴን ነው። በዚያው ቅዳሜ፣ የሞተውን ሳጥን በእጇ እንደያዘች፣ ባናዋን አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለች፦

“ማርያምን! ይኼ ዕቃህ ድኖ እስካየው ድረስ ጉልበቴን ባና አላስነካውም።”

“እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው? ባናው ምን አጠፋ?”

“ባናው አይደለም። እኔ ነኝ። የልጄን ትምህርት አቃጥዬ ልሞቅ?”

ሳቅሁባት። ነገ ትረሳዋለች አልኩ። አልረሳችውም። በማርያም ስም የማለች የመንዝ ሴት አታውቁም። ማግስቱን ከቅዳሴ ስትመለስ ጉልበቷ በነጠላ ብቻ ተሸፍኖ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከጓሳ በኩል የሚወርደው ነፋስ ቀሚሷን ያራግባል። ባናው አልጋው ላይ እንደተጣጠፈ ነው። እኔ ላለብሳት ስነሣ እጄን ያዘችና “መሐላዬን አታስፈርሰኝ” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቻርጀር ፍለጋ የወጣሁት ለዲግሪው ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆናል።

በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ውሰት ነው። እኛ አገር የጎደለው ሁሉ በውሰት ይሞላል፤ ወንፊት ይዋሳል፣ በሬ ይዋሳል፣ ለሠርግ የሚሆን በርኖስ ይዋሳል። ቻርጀር ምን ልዩ ያደርገዋል ብዬ ላፕቶፕ አላቸው የተባሉትን መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች በር አንኳኳሁ። ማንም አልነፈገኝም። ግን የአንዱ ጫፍ ይወፍራል፣ የሌላው ይቀጥናል፣ የሦስተኛው ጭራሽ አራት ማዕዘን ነው። የእኔ ላፕቶፕ እጅግ አሮጌ ነው፤ ከመርካቶ ስገዛውም ያገለገለ ነበር። በሆዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከጭን ጭን ሲንከባለል ተፍቆ አልቋል።

የፊዚክስ አስተማሪ የሆነው ባልደረባዬ በጥሞና ሰማኝ። ደግ ሰው ነው፤ ሲያስረዳ ግን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያለ ይመስለዋል።

“ቀላል ነው” አለኝ። “ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ።”

“ቁጥሩ የለም።”

“ቻርጀሩ ላይ ይጻፋል እኮ።”

“እናቴ ልጣዋለች።”

“ለምን?”

ለምን እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ ቮልቱ ካነሰ ላፕቶፑ እንደማይነሣ፣ ከበዛ ደግሞ እንደሚቃጠል ነገረኝ። “ስለዚህ ልኩን ማወቅ አለብህ” ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ልኩን ማወቅ እንዳለብኝማ ከእሱ በፊት አውቅ ነበር። እዚያው ኮሪደሩ ላይ በንዴት ቆሜ ቀረሁ።

በገበያው ቀን ላፕቶፑን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪና የስልክ መሸፈኛ ወደምትሸጥ ሴት ሱቅ ሄድኩ። ቻርጀሮቹ በሽቦ ታስረው ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥለዋል። አንድ በአንድ እያወረደች ጫፋቸውን ትሞክራለች።

“ከገባ ይሠራል፣ መምህር” ትለኛለች።

“ቢገባም ቮልቱ ልክ ካልሆነ ያቃጥላል አሉኝ።”

“እሱንማ እግዜር ነው የሚያውቀው።”

አንዱ ግማሽ ድረስ ገብቶ አልሄድ አለ። ሌላው ገባ፣ ግን ውስጡ ይዋልላል። ገበያተኛው እየመጣ ይመለከታል፣ ሁሉም አስተያየት አለው። አንዱ “ግፊው፣ ይገባል” ይላል፣ ሌላው “ትንሽ በቢላ ይሞረድ” ይላል። አንድ በግ የያዙ ሰውዬ አንገታቸውን አስግገው ላፕቶፑን ካዩ በኋላ፣ “በግ ቢሆን ጥርሱን ገልጠን ዕድሜውንም ጠባዩንም እንነግርህ ነበር፤ የዚህን ግን አፉን ከፍተንም አላወቅነው” ብለው ሰዉን አሳቁት። እኔም ሳቅሁ። እውነት ለመናገር ማልቀስም ዳድቶኝ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው፣ ሰዎች መምህር ብለው ከመቀመጫ የሚነሡለት ሰው፣ በገበያ መሐል የማያውቀውን ነገር ታቅፎ መቆሙ ያሳፍራል።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ከሣጥን ውስጥ አቧራ የለበሰ አንድ ቻርጀር አወጣች። ዩኒቨርሳል ነው አለችኝ፤ ለሁሉም የሚሆን። ብዙ ዓይነት ጫፍ አለው፤ ከመሐላቸው አንዱ ልክክ ብሎ ገባ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ በጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሸራተቻ አሳየችኝ። ከአሥራ ሁለት ጀምሮ እስከ ሃያ አራት ቁጥሮች ተደርድረዋል።

“የእርስዎ ስንት ላይ ነው?” አለችኝ።

“እሱን ነው የማላውቀው።”

“እንግዲህ መምረጡ የእርስዎ ነው” ብላ ወደ ሌላ ገበያተኛ ዞረች።

ቤት ወስጄ ከዝቅተኛው ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ላይ ምንም የለም። አሥራ አምስት ላይ ምንም የለም። አሥራ ስድስት ላይ ሳደርገው ግን በላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ብላ ጠፋች። እናቴ “አየሁት! ነፍስ አለው!” ብላ ጮኸች። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። አልተመለሰችም።

ባልደረባዬን ደውዬ ጠየቅሁት። “ተወው እዚያው ላይ፤ ባትሪው ባዶውን ስለቆየ እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል። ከፍ ካደረግኸው ታቃጥለዋለህ” አለኝ። ወደ ሴትዮዋ ሱቅ ሄድኩ። “አንሶት ነው እንጂ። አሥራ ዘጠኝ ያድርጉት፣ አብዛኛው የሚሠራው በእሱ ነው” አለችኝ። ሁለቱም ያሉት ልክ ይመስላል። የባልደረባዬን ምክር ይዤ ልጠብቅ ስል መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ያቺ ቢጫ መብራት ብልጭ ትልና ትጠፋለች፤ ጠጣ ስል አልጠጣም፣ ሞተ ስል አልሞተም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ አየዋለሁ፣ ስመለስ አየዋለሁ። ማንሸራተቻዋ ላይ ጣቴን አሳርፌ መልሼ አነሣዋለሁ።

እናቴ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየባሰባት ሄደ። ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳውን ትይዛለች። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያለው ደረጃ አቅቷት ከታች ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። ማታ ማታ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨብጣ ስትተነፍስ እሰማታለሁ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም “አንቺ ከታመምሽ ዲግሪው ለማን ነው!” ብዬ ጮኽኩባት። “ለአንተ ነው እንጂ ለማን ነው” ብላ ፊቷን አዞረች። ከቻርጀሩና ከእናቴ የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃተኝ። ሁለቱም እሺ አይሉም፣ ሁለቱም ምን እንደሚፈልጉ አይናገሩም።

ዕጣውን ያመጣችው እሷ ናት። ትምህርት የሌለበት ቀን ነበር። ማንሸራተቻዋን ትክ ብዬ ሳይ ስታየኝ ቆይታ፦

“ሁለት ሰው ሁለት ነገር ከነገረህ፣ ዕጣ ነው” አለችኝ።

“እማዬ፣ ይኼ የኤሌክትሪክ ነገር ነው። ዕጣ ምን ያውቅለታል?”

“ሣሩ ሲከፈል ሰው ሁሉ የኔ ይሻላል፣ የኔ ይሻላል ሲል ዕጣ አልነበረም የሚለየው? አንተው አይደለህ እንዴ የጻፍከው?”

ጽፌዋለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ሰዎች መምረጥ ሲያቅታቸው ፍርዱን ከእጃቸው አውጥተው ለእግዚአብሔር እንደሚሰጡ፣ ከዚያም ቅር ሳይላቸው ወደየቤታቸው እንደሚሄዱ በሰፊው አትቻለሁ። ስጽፈው አድንቄው ነበር። አሁን ደግሞ ቀናሁባቸው፤ መምረጥ ደክሞኝ ነበርና። “እሺ” አልኳት።

እናቴ ከጓሮ አንዲት ባቄላና አንዲት ጠጠር አምጥታ አሳየችኝ። ባቄላዋ መጠበቅ ናት፣ ጠጠሯ ከፍ ማድረግ። ዕጣ የሚያወጣ ሰው የትኛው የማን እንደሆነ ማወቅ ስለሌለበት አከራያችንን ጠራቻቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ በእድሩም በሰንበቴውም ዕጣ የሚያወጡት እሳቸው ስለሆኑ ምንድነው ብለው እንኳ አልጠየቁም። ባቄላዋንና ጠጠሯን በመዳፋቸው ውስጥ አገላብጠው፣ “በስመ አብ” ብለው አንዷን ለእኔ ሰጡኝ። ጠጠሯ ነበረች።

“መልካም ያድርግልህ” አሉኝ። ምኑን እንደሆነ ግን አያውቁም። እናቴም እጃቸውን ስማ እስከ በሩ ሸኘቻቸውና እዚያው ቆመች።

“አትገቢም?” አልኳት።

“እኔ አልይ። እኔ የነካሁት ነው የተበላሸው። አንተ አድርገው፣ እኔ ከውጭ ሆኜ እለምናለሁ።” ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረች።

ማንሸራተቻዋን አሥራ ዘጠኝ ላይ አደረግኋት። ሰካሁት። ላፕቶፑ በመላ መስታወቱ ነጭ ብርሃን አበራ። ከዚያ ውስጡ አንዳች ነገር ጧ አለ፣ ስስ የመቃጠል ሽታ መጣ፣ መስታወቱ ጠቆረ። ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት። የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት እንደበራች ናት። ላፕቶፑ ግን ቢጫዋን ብልጭታ እንኳ አላሳየኝም። በአሥራ ስድስት ሞከርኩ፣ በአሥራ አምስት ሞከርኩ። አለቀ።

አልተናደድኩም፣ አልጮኽኩም። የመጣልኝ ከውጭ ያለችው እናቴ ብቻ ናት። ስትሰማ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ዕጣውን ያመጣችው እሷ ናትና አሁን በደሏ ሁለት ይሆናል፤ ዕቃው ደግሞ ከእንግዲህ ስለማይድን መሐላዋ መፍቻ የለውም።

“ምነው ዝም አልክ?” አለችኝ ከውጭ።

“ሠራ!” አልኩ።

አፌ ነው የተናገረው። ሽታው እንዲወጣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ላፕቶፑን ጀርባው ወደ በሩ እንዲሆን አዞርኩት፣ ተቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ። ጥቁር መስታወት ላይ የራሴን ፊት እያየሁ ፊደሎቹን እቀጠቅጣለሁ። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ገባች። መሬት ላይ ያለችውን አረንጓዴ መብራት አየች፣ እኔን አየች።

“እልልል” አለች፣ ግን ቀስ ብላ ነው። “ተመስገን። ምን እየጻፍክ ነው?”

“ያቋረጥኩትን።”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባናው አጠገቧ ነው፤ እጇን አልሰደደችም። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ምን እንደምታዳምጥ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያ አሮጌ ዕቃ ሲሠራ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ያጉረመርማል፣ የጎረቤት ወፍጮ ይመስላል፤ እሷም ጉልበቷን እያሞቀች ከጎኑ ብዙ ቀን ተቀምጣለች። አሁን ቤቱ ውስጥ ከጣቶቼ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም።

“የአዲሱ ቻርጀር ድምፅ የለውም” አልኳት ሳልጠየቅ።

ጣቶቼን አየች። ከዚያ ባናውን ሳበችና ዘርግታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው፤ ዙሪያውን በደንብ ጠቀጠቀችው።

“ይኸው ለበስኩት” አለችኝ። “እመቤቴ መሐላዬን ትፍታልኝ። በቃ ልጄ፣ አንተም ጣቶችህን አሳርፋቸው።”

ቀና ብዬ ላያት ስላልቻልኩ መጻፌን ቀጠልኩ።